ጎማው ወይስ ጎሚኒው? በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ መንገዶች ስለሚያረጁ ፒክአፖች የቀረበ አስተያየት

ከግሼ ራቤል የአፈር ናሙና ጭነን፣ ሞላሌን አልፈን ወደ ጣርማ በር ስንቃረብ ሾፌራችን ድንገት ፍጥነቱን ቀነሰና «መምህር፣ ፍሬን ስይዝ ወደ ግራ ይስበኛል፤ ጣርማ በርን እንዲህ ሆኜ አልወርድም» አለኝ። ዕድሜውንና ሙያውን አክብሬ «እንዳልክ፣ ጋሼ» አልኩት። መኪናውን አቁመን የፊት ጎማዎቹን አየን። የውስጥ ጠርዛቸው እስከ ሽቦው ተበልቷል፤ የውጩ ጠርዝ ግን ጥርሱ እንዳለ ነበር። ጎማዎቹ ከተገዙ ዓመት አልሞላቸውም። ከእነርሱ በፊት የነበሩትም በዚያው ጠርዝ ተበልተው እንደተጣሉ ሾፌሩ ነገረን። መኪናው የነበረበት መሥሪያ ቤት በአጭር ጊዜ ሁለት ጊዜ ጥንድ ጎማ ሲገዛ፣ ጎማውን የሚበላውን ነገር ግን አንድም ጊዜ አልጠየቀም። የግዢ መጠየቂያ ቅጹ ላይ «ጎማ» የሚል መስመር አለ። «ጎሚኒ» የሚል የለም።

ጎሚኒ ወይም ቡሽ የምንለው አነስተኛ ዕቃ ሁለት የብረት ቱቦዎችና በመካከላቸው የተጣበቀ ላስቲክ ነው። የፊት እግርን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙት የላይኛውና የታችኛው ክንዶች የሚንቀሳቀሱት በእርሱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ በተመረቱት፣ ቶርሽን ባር ባላቸው ብዙ ሃይሉክሶች ላይ እንዲህ ያሉ ስምንት ጎሚኒዎች በሁለቱ የፊት እግሮች ይገኛሉ። ከእነርሱ የቀደሙትና ፊታቸው በባሌስትራ የቆመው ደግሞ ጎሚኒያቸው በባሌስትራው ዓይን ውስጥ ነው። ላስቲኩ ሲላቀቅ ክንዱ ቦታውን ይስታል። ፍሬን ሲያዝ መሬቱ ጎማውን ወደ ኋላ ስለሚገፋው የታችኛው ክንድ ወደ ኋላ፣ የላይኛው ወደ ፊት ይሸሻል፤ የመሪውም ማዕዘን ይዛባል። የአንዱ ወገን ጎሚኒ ከሌላው ይበልጥ ካለቀ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል። በሜዳ ላይ ይህ መሪን በማረም የሚታለፍ እንከን ነው። ከለሚ ወደ ጀማ ወንዝ በሚወርደው ጠመዝማዛ፣ ወይም ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በሚያወርደው መንገድ ላይ ግን ያው እንከን የሰው ሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

በአካባቢያችን ለዚህ ዕቃ ቶሎ ማለቅ ተጠያቂ የሚደረገው ውርጭ ነው። «የመንዝ ብርድ ላስቲክ ይሰብራል» ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። በዚህ አልስማማም። የተፈጥሮ ላስቲክ እንደ መስታወት ደርቆ የሚሰባበረው የሙቀት መጠኑ ከዜሮ በታች ወደ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ ነው፤ የመሐል ሜዳም ሆነ የጓሳ ሌሊት ወደዚያ አይጠጋም። የደጋችንን ከፍታ የምንከስስ ከሆነ ከብርዱ ይልቅ ፀሐዩን ብንከስስ ይሻላል። አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ጓሳ ደግሞ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ይሁንና ጎሚኒው በመኪናው ሆድ ሥር በጥላ የተሸሸገ በመሆኑ ይህም ዋናው ምክንያት ነው ብዬ አልከራከርም። ጭነትም ሰበብ ሆኖ ይቀርባል፤ ነገር ግን በፒክአፕ ላይ የሚጫነው እህል በአመዛኙ የሚያርፈው በኋላ እግር ላይ ነው። የፊቱን የሚያስጨንቀው ድንጋዩ፣ በረጅም ቁልቁለት የሚደጋገመው ፍሬንና ከሞተር የሚንጠባጠበው ዘይት ነው። የማዕድን ዘይት የተፈጥሮ ላስቲክን ያሳብጠዋል፤ ያለሰልሰዋልም።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ሌላ ምክንያት ነው፤ እርሱም ከጋራዡ ወለል ይጀምራል። ላስቲኩ ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ አይንሸራተትም፤ ክንዱ ሲወጣና ሲወርድ እርሱ ይጠመዘዛል። ስለዚህ ቡሎኑ መጨረሻ ላይ መጥበቅ ያለበት መኪናው በራሱ እግር ቆሞ፣ በተለመደ ከፍታው ሳለ ነው። ብዙ ጊዜ የማየው ግን ሌላ ነው፤ መኪናው በክሪክ ተነሥቶ፣ እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ዳዶው ይጠብቃል፤ ከዚያ መኪናው ይወርዳል። በዚያች ቅጽበት አዲሱ ላስቲክ ገና አንድ ሜትር ሳይጓዝ ተጠምዝዞ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ጉድጓድ የሚጨምርበት ቀድሞውኑ በተወጠረው ላይ ነው። በተጨማሪም በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን ላስቲክን የሚሰነጥቀው በተለጠጠበት ቦታ ነው፤ ዘና ብሎ የተቀመጠውን እምብዛም አይነካውም። በአንድ ዓመት ያለቀ ጎሚኒ «ፎርጅድ ነበር» ተብሎ ሶማሌ ተራ ሲረገም፣ ጥፋቱ ምናልባት የአጠባበቁ ሊሆን እንደሚችል ማን ያስባል?

ሌላው ሥራ በጥንቃቄ የሚፈጸም እንጂ ምሥጢር የለውም። ቶርሽን ባሩ ከመላላቱ በፊት የማስተካከያ ቡሎኑ ምን ያህል እንደወጣ ይለካል። በክንዱ ቡሎን ላይ ያለው የማዕዘን ማስተካከያም በምልክት ይያዛል። አሮጌው ጎሚኒ በፕሬስ፣ ፕሬስ ከሌለም በረጅም ቡሎንና በቱቦ ተስቦ ይወጣል። በእሳት አቃጥሎ ማውጣት ጢሱም ጎጂ ነው፤ ክንዱንም ያበላሻል። አዲሱ የሚገባው በሳሙና ውኃ እንጂ በግሪስ አይደለም። በመጨረሻ የጎማ አቀማመጥ በመሣሪያ ይስተካከላል፤ ለዚህ ከመሐል ሜዳም ሆነ ከዓለም ከተማ ረጅም መንገድ መሄድ ግድ ሊሆን ይችላል።

በቶርኖ ከናይለን ተገርዞ ስለሚሠራው ምትክ አንድ ነገር ልጨምር። ባለሙያዎቻችን ይህን የሚሠሩት ከስንፍና አይደለም። በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖች ላይ የተጣለው ከፍተኛ ታክስ፣ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ በሚሠሩ አውቶሞቢሎች ላይ የተደረገው የማስገባት ክልከላ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፋሉ፤ ያለን አሮጌ መኪና የበለጠ ያረጃል፣ መለዋወጫውም የበለጠ ይወደዳል። ናይለኑ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን አይጠመዘዝም፣ ይንሸራተታል። ሲንሸራተት አቧራ ይገባበታል። ላስቲኩ ይውጠው የነበረውንም ምት በቀጥታ ወደ ሻንሲው ማያያዣ ያስተላልፈዋል። የእኔ ግምት ይህ ምትክ ጎሚኒውን አድኖ ሻንሲውን ያስከፍላል የሚል ነው። ግምት መሆኑን አልሸሽግም፤ የጠየቅሁትም ለዚህ ነው፣ በእኛ መንገድ ላይ ይለካ እላለሁ።

የሥራ ባልደረቦቼ «ጥገና የመካኒክ ነው፤ ለማስተርስ ጽሑፍ አይበቃም» ይሉኛል። መካኒክ የሚሆኑ ተማሪዎቻችን ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ሲጽፉ አልቃወምም። ነገር ግን ሕሙማንን ወደ ሆስፒታል የሚያደርሰው፣ ምርጥ ዘር የሚያከፋፍለው፣ የጓሳን ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚያጠናውን ተመራማሪ የሚያመላልሰው ያው አሮጌ ፒክአፕ ነው። ጥናቱ ውድ መሣሪያ አይፈልግም። አንድ ዓይነት ፒክአፖች በሦስት ቡድን ይከፈሉ፤ አንዱ በላስቲክ ጎሚኒ መሬት ላይ ቆሞ የጠበቀ፣ ሁለተኛው በዚያው ጎሚኒ ተንጠልጥሎ የጠበቀ፣ ሦስተኛው በናይለን የተተካ ይሁን። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ የክንዱ ልቅነት በዳያል ጌጅ፣ የጎማው ጥርስ ጥልቀት ከውስጥና ከውጭ ይለካ። ሾፌሮቹም ፍሬን ሲይዙ የሚሰማቸውን በመዝገብ ይጻፉ፤ ከጣርማ በር በላይ የእኛን መኪና ያቆመው መሣሪያ ሳይሆን የሾፌራችን እጅ መሆኑን አልረሳሁም።

ከዚያ መኪና የወለቁት ስምንቱ ጎሚኒዎች የግራና የቀኝ ተለይተው፣ ምልክት ተጽፎባቸው በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጠዋል። የግራው የታችኛው ክንድ የኋላ ጎሚኒ ላስቲክ ሙሉ በሙሉ ከቱቦው ተላቋል፤ የቀኙ አቻው ግን ገና ግማሹ ይዟል። ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሊያያቸው የሚፈልግ ተማሪ ካለ እሰጠዋለሁ።