ያልተለካው ወር በግራፍ ላይ

አኃዝ በተራ ተደርድሮ ብቻ ሲነበብ ምሥጢሩን የማይገልጥ መሆኑን ለማስረዳት፣ ፍራንሲስ አንስኮምብ የተባለው እንግሊዛዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1973 እያንዳንዳቸው 11 ነጥብ የያዙ አራት ዝርዝሮችን አቅርቦ ነበር፤ አማካያቸውም ሆነ የዝምድናቸው ልክ ሲሰላ አንድ ዓይነት ውጤት የሚሰጡት እነዚህ ዝርዝሮች በወረቀት ላይ ሲሣሉ ግን፣ አንደኛው በቀጥተኛ መስመር ዙሪያ ተበትኖ፣ ሁለተኛው ጎብጦ፣ ሦስተኛውና አራተኛው ደግሞ ከሌሎቹ በተለየ አንድ ነጥብ ምክንያት ስሌታቸው ተዛብቶ ስለ ተገኙ፣ ዓይን ያላየውን ስሌት ብቻውን አምኖ መቀበል እንደማይገባ ግልጥ ሆነ።

ዛሬ እንዲህ ያለውን ሥዕል ማውጣት የአንድ አፍታ ሥራ ነው። ጆን ሀንተር የተባለው የነርቭ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2003 በነጻ ለሁሉ ያበረከተው፣ እርሱም እ.ኤ.አ. በ2012 ካረፈ በኋላ ሌሎች በትጋት ያቆዩት ማትፕሎትሊብ የተባለው የግራፍ መሣያ ፕሮግራም፣ በፓይተን ቋንቋ ሁለት ዝርዝር ሲሰጡት አንዱን በአግዳሚው፣ ሁለተኛውን በቋሚው መስመር ላይ እያዛመደ ይሥላል፤ ለዚህም ሰው ትውልድ ሁሉ ባለ ዕዳው ነው። ነገር ግን «ፕሎት» የተባለው ትእዛዝ ሌላ ካልተነገረው በቀር ነጥቦቹን ሠውሮ፣ በዝርዝሩ ቅደም ተከተል በመስመር ያያይዛቸዋል፤ መስመርም በሁለት ልኬቶች መካከል ስላለው ነገር ሁሉ የሚሰጥ ምስክርነት ስለ ሆነ፣ ያላዩትን እንዳዩ አድርጎ መመስከር እንዳይሆን ሠዓሊው ሊጠነቀቅ ይገባዋል እላለሁ።

ለምሳሌ ያህል ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ የወረደው ዝናብ በአንድ ጣቢያ ሲለካ፣ ለኪው ታሞ የሐምሌ መዝገብ ባዶ ቀረ እንበል። አራቱን ልኬቶች ብቻ በአንድ ዝርዝር ቢሰጡት፣ ኮምፒውተሩ ከ0 እስከ 3 ቆጥሮ በእኩል ርቀት ስለሚያሰልፋቸው የነሐሴ ዝናብ በሐምሌ ስፍራ ይቀመጣል፤ ወሮቹን በተራ ቁጥራቸው ሰጥተው ሐምሌን ቢዘሉ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ የተዘረጋው መስመር ማንም ያልለካውን ሐምሌ በልበ ሙሉነት ያልፍበታል፤ በባዶው ስፍራ 0 ቢጽፉ ደግሞ፣ እጅግ የከፋው ይህ ነው፣ በክረምቱ እምብርት ድርቅ የገባ ይመስላል። ቅን የሆነው መንገድ «ናን» የተባለውን፣ ቁጥር አለመኖሩን የሚያመለክተውን ምልክት በሐምሌ ስፍራ ማስገባት ነው፤ ያን ጊዜ መስመሩ ከሰኔ ላይ ይቋረጣል። ሆኖም ነሐሴ የሚያያዘው ጎረቤት አጥቶ ብቻውን ስለሚቀር፣ ነጥቦቹ በክብ ምልክት እንዲወጡ ካልታዘዘ በቀር ከሥዕሉ ፈጽሞ ይጠፋል፤ ተለክቶ የተመዘገበውም እውነት ካልተለካው ጋር አብሮ ይቀበራል። ስለዚህ ነጥቦቹ ሁልጊዜ ይታዩ፤ መስመሩም ቢቀር ይቅር።

በየመሥሪያ ቤቱ መግለጫና በየጋዜጣው የሚወጡት ግራፎች በአብዛኛው ለስላሳ መስመር ብቻ ሆነው ሲታዩ ልቤ ያዝናል፤ ገበሬም፣ ነጋዴም፣ ተማሪም በእነርሱ ተማምኖ ነገን ያቅዳልና። ከእያንዳንዱ ግራፍ በታች የትኛው ወር እንዳልተለካ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ ያም አንባቢው በሚያውቀው ፊደል ይሁን። ማትፕሎትሊብ ከራሱ ጋር ይዞት የሚመጣው ዴጃቩ ሳንስ የተባለው ፎንት የግእዝ ፊደል ስለሌለው፣ «ሐምሌ» ብለው ቢጽፉ ሦስት ባዶ ሣጥኖች ይወጣሉ፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ወጣት ባለሙያዎች ወደ እንግሊዝኛ ይሸሻሉ። ነገር ግን በነጻ የሚገኘውን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ኮምፒውተሩ ላይ ጭኖ ስሙን በኮዱ መጀመሪያ ላይ መጥቀስ ብዙውን ጊዜ ስለሚበቃ፣ ሥዕሉ በአማርኛ እንዳይነበብ የሚከለክል ምንም ምክንያት የለም።