ማይክሮባዮሎጂ ተምሮ የት ይገባል?

የትምህርት ክፍል ምርጫ በደረሰ ቁጥር «ማይክሮባዮሎጂ ባጠና ምን እሠራለሁ?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። የተለመደው መልስ «አስተማሪ ትሆናለህ፣ እሱም ከተገኘ» ነው። መልሱ ግማሽ እውነት አለው። ስህተቱ ሥራ ማጣትን የሙያው ተፈላጊ አለመሆን አድርጎ ማየቱ ነው።

እስቲ ወደ 2012 እንመለስ። መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ እዚህ ከመገኘቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት፣ የተጠረጠሩ ሰዎች ናሙና ለምርመራ ይላክ የነበረው ደቡብ አፍሪካ ነበር። አገር የላብራቶሪ አቅም ሲጎድላት ምን እንደምትመስል ያኔ አይተናል።

መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችም አሉ። በፈረንጆቹ 2019 ብቻ በዓለም ዙሪያ ለ1.27 ሚሊዮን ሰዎች ሞት ቀጥተኛ ምክንያት እንደሆኑ ተገምቷል። የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ የሚለየው በካልቸር ምርመራ ነው። ካልቸር በሌለበት ሆስፒታል ግን ሐኪሙ በግምት ያዛል፣ በሽተኛውም በግምት ይውጣል።

ከሆስፒታል ውጭስ? ቢሾፍቱ የእንስሳት ክትባት ይመረታል። በ1970 እ.ኤ.አ. ለሥጋ ደዌ ምርምር የተቋቋመው አርማወር ሐንሰን ዛሬ ቲቢንና ሌሎች በሽታዎችን ያጠናል። የቢራ እርሾ፣ የወተት ጥራት፣ የቧንቧ ውኃ ደኅንነት ሁሉም የዚህ ሙያ ሥራ ናቸው። የእንጀራችን እርሾ እንኳ ራሱ የጥቃቅን ሕዋሳት ሥራ ነው።

ታዲያ ተመራቂው ለምን ሥራ ያጣል? እዚህ አገር ወደ ሙያው የሚያስገቡት በሮች ሁለት ናቸው፦ አንዱ በጤና በኩል ሜዲካል ላብራቶሪ፣ ሌላው በተፈጥሮ ሳይንስ በኩል ባዮሎጂ። የሆስፒታሉ ማስታወቂያ የሚጠራው የመጀመሪያውን ነው። በሁለተኛው የገባ ተማሪ ይህን የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ዲግሪውን ይዞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ሲቆም ነው።

ስለዚህ ተማሪ ሆይ፣ ፎርም ከመሙላትህ በፊት የትኛውን በር እንደምትፈልግ ለይ። ባዮሎጂን ከመረጥክ ሁለተኛ ዲግሪን ከወዲሁ አስብ፣ የምግብ ወይም የመጠጥ ፋብሪካ ውስጥ ልምምድ ፈልግ። በእጁ ናሙና ዘርቶ ውጤት ማንበብ የሚችልና በወረቀት ብቻ የተማረ እኩል አይታዩም።

የትልቁ ጥያቄ ባለቤት ግን ተማሪው አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎች ለምዝገባ የመጣውን ወጣት ሁለቱ በሮች የት እንደሚያደርሱ በግልጽ ሊነግሩት ይገባል። ቀጣሪዎችም የዲግሪውን ስም ብቻ ሳይሆን የተመራቂውን ችሎታ ይፈትኑ። መንግሥት ደግሞ ካልቸር የሚሠሩ ላብራቶሪዎችን ያብዛ። ቀጣዩ ወረርሽኝ ሲመጣ ባለሙያ ፍለጋ መሯሯጥ አያዋጣም፤ ባለሙያዎቹ ዛሬ ሥራ ፈትተው ሰፈር ውስጥ ተቀምጠዋል።