ሞተሩን ያቃጠለው ሹፌሩ አይደለም

ከደጀን በታች አባይ በረሃ ላይ አንድ የጭነት መኪና እያጨሰ ጥጉን ይዞ ከቆመ ፍርዱ ከመካኒኩ ቀድሞ ይደርሳል፤ «ሹፌሩ አቃጠለው!» ባለንብረቱ ይህን ይላል፤ ጋራዡም ይህንኑ ይደግማል። ሹፌሩ ደሞዙ ይያዝበታል፤ አንዳንዱም ቁልፉን አስረክቦ ይሰናበታል። ሞተሩ ደብረ ማርቆስ ተጎትቶ ይወርዳል። ቴስታታው ሲነሳ የአንዱ ፒስተን ራስ ተሰንጥቋል፣ የሌላው ጠርዝ እንደ ሻማ ቀልጧል። ከዚያስ? ከዚያማ እዚያው ሱቅ ይኬድና ያው ፒስተን ይገዛል። በስድስት ወሩ ያው ሞተር እንደገና ይወርዳል፤ አዲሱ ሹፌርም በተራው «አቃጣይ» ይባላል።

ፒስተን እንዴት እንደሚገዛ ልብ ብሎ ያየ ሰው አይገረምም። መለዋወጫ ሱቅ ላይ የሚቀርበው ጥያቄ ሁለት ብቻ ነው፤ «ስታንዳርድ ነው ሃምሳ?» እና «ዋጋው ስንት ነው?» ዲያሜትሩ ከገባ፣ ፋሻው ከገጠመ አለቀ። ፒስተኑ ለቱርቦ ሞተር ነው ወይስ ያለ ቱርቦ ለሚሠራ? ራሱ ላይ ያለው ጉድጓድ ስንት ሲሲ ይይዛል? የኮምፕሬሽን ሬሾው ስንት ይሆናል? ይህን የሚጠይቅ ደንበኛ እንደ ነገረኛ ይታያል።

ችግሩ ከቃሉ ይጀምራል። ጋራዥ ውስጥ «ኮምፕሬሽን አለው» ማለት ሞተሩ ጤነኛ ነው ማለት ነው፤ «ኮምፕሬሽን የለውም» ማለት ፋሻው አልቋል ወይም ቫልቩ አይከድንም ማለት ነው። ስለዚህ ኮምፕሬሽን በበዛ ቁጥር ሞተሩ የሚጠነክር ይመስላል። ሬሾ ግን ሌላ ነገር ነው። ፒስተኑ ታች ሲሆን በላዩ ያለው ቦታ፣ ጫፍ ሲደርስ ለሚቀረው ቦታ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። የዲዛይነር ውሳኔ እንጂ የጤና ምልክት አይደለም።

በአገራችን መንገድ ሁሉ የሚታወቀውን ላንድ ክሩዘር እንውሰድ። ዋን ኤች ዜድ የሚባለው ሞተር 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ያለ ቱርቦ የሚሠራ ዲዝል ነው። ወንድሙ ዋን ኤች ዲ ቲ ደግሞ ቱርቦ አለው። የሁለቱም ሲሊንደር ስፋት 94 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 100 ሚሊ ሜትር ነው። በዲያሜትር ብቻ ለሚገዛ ሰው ሁለቱ አንድ ናቸው። ነገር ግን የመጀመሪያው ሬሾ ከ22 በላይ ሲሆን የሁለተኛው 18.6 ነው። ቶዮታ ቱርቦ ሲጨምር ሬሾውን ዝቅ አደረገ። ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ በቱርቦ አልባው ላይ የሚቀረው ቦታ 32 ሲሲ ገደማ ነው፤ በቱርቦው ላይ 39። ልዩነቱ ሰባት ሲሲ፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ቢሆን ነው። በዚህች አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ላይ ነው የስንት ቤተሰብ እንጀራ የተንጠለጠለው።

የቃጠሎው አሠራርም ይለያያል። አንዱ ነዳጁን በቴስታታው ውስጥ ባለ ትንሽ ክፍል ያቀጣጥላል፣ ሌላው በቀጥታ ፒስተኑ ራስ ላይ ባለው ጉድጓድ። ስለዚህ «የቱርቦውን ፒስተን አምጥቼ ልግጠምበት» ማለትም መፍትሔ አይደለም። አይሱዙ ላይም ወጥመዱ ያው ነው። ፎር ኤች ጂ ዋን 115 ሚሊ ሜትር ስፋት ይዞ ያለ ቱርቦም በቱርቦም ተሠርቷል። ሁለት ካርቶን፣ አንድ ዲያሜትር። የቱርቦ ፒስተን በአብዛኛው ስፒኖቱ ወፍራም ነው፣ የላይኛው ፋሻ የሚቀመጥበት ቦይ በብረት የተጠናከረ ነው፣ ከሥሩም ዘይት እየተረጨ ይቀዘቅዛል። ይህ ሁሉ በሜትር አይለካም፤ የሚታወቀው በፓርት ቁጥሩ ነው።

ደብረ ማርቆስ ላይ የሚሰማ አንድ መከራከሪያ አለ፤ «እኛ ደጋ ነን፣ አየሩ ቀጭን ነው፣ ቱርቦ ቢጨመር ምንም አይሆንም።» ግማሹ እውነት ነው። ከተማዋ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው አንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ዲዝል እዚህ ጥቁር የሚያጨሰውም ለዚህ ነው፤ ፖምፓው ነዳጁን አልቀነሰም፣ አየሩ ግን ቀንሷል። ነገር ግን ግማሽ ባር የሚነፋ ቱርቦ ሲገጠም ሞተሩ የሚተነፍሰው 0.75 ሲደመር 0.5፣ ማለትም 1.25 ባር ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው አየር በላይ! ከዚያ ይህ «የደጋ ሞተር» ደጋ ላይ አይቀመጥም። ከደጀን 1,400 ሜትር ገደማ ወርዶ የአባይን ድልድይ ይሻገራል። እዚያ ታች ግፊቱ 0.9 ባር ገደማ ነው፤ ቱርቦው ሲጨመርበት 1.4። ሙቀቱ የበረሃ ነው፣ ጭነቱ ሙሉ ነው፣ ከፊቱ ደግሞ በሁለተኛ ማርሽ የሚወጣ ረጅም ዳገት አለ። ፒስተን የሚሞተው እዚህ ነው። አሉሚኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ቢሆንም ጉልበቱን የሚያጣው ከዚያ በጣም ቀደም ብሎ ነው።

ቤንዚን ሞተር ሬሾው ሲበዛበት ቢያንስ ያንኳኳል፣ ያስጠነቅቃል። ዲዝል ግን ከልደቱ ጀምሮ የሚያንኳኳ ነው፤ ማን ይሰማዋል?

ታዲያ ሬሾው በጣም ዝቅ ይበል? አይደለም። ወፍራም ጓርኒሲዮን ደራርቦ ወይም የፒስተኑን ራስ ቶርኖ ቤት አስልጦ ሬሾ ያወረደ ሰው ደግሞ በሐምሌ ጠዋት ደብረ ማርቆስ ላይ ያገኘዋል። ዲዝል የሚነሳው በተጨመቀ አየር ሙቀት ነው። በቀጭንና ቀዝቃዛ አየር ላይ ሬሾውን ከቀነሱበት ጎረቤት ተሰብስቦ የሚገፋው መኪና ይሆናል። የሚሻለው አምራቹ ለዚያ ሞተር የወሰነውን ቁጥር መያዝ ነው። ቱርቦ ላልተሠራለት ሞተር ቱርቦ ካስፈለገም ንፋቱን አሳንሶ፣ የነዳጁን ቪት አለመንካት፣ ከቱርቦው በፊት የጭሱን ሙቀት የሚለካ ጌጅ መግጠም። ያቺ ጌጅ ከአንድ ፒስተን ስብስብ ትረክሳለች። ነገር ግን ባለንብረቱ የሚከፍለው ለጉልበት እንጂ ለጌጅ አይደለም፤ «ትንሽ ክፈትለት፣ ዳገት አልወጣ አለኝ» የሚለውም እሱ ነው። ቪቱን የሚያዞረው መካኒክ ታዟል፣ ዳገቱን የሚወጣው ሹፌርም ታዟል።

«መለዋወጫ ተወዷል፣ ያገኘነውን እንገጥማለን» የሚለው ምክንያት ቀላል አይደለም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሬ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የብር አቅም ወርዷል፤ መለዋወጫም አብሮ ተሰቅሏል። በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ ጎጃም ውስጥም መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት የከረመበት ጊዜ ነው። አሮጌ ሞተር ደጋግሞ ከማውረድ ሌላ አማራጭ የሌለው ብዙ ነው። ግን ይህ ሁሉ የሚያስረዳው ፒስተን በጥንቃቄ መመረጥ እንዳለበት ነው። ሁለቴ መግዛት የማይችል ሰው አንዴውን በትክክል መግዛት አለበት።

ለዓመታዊ ምርመራ የሚቀርብ መኪና ፍሬኑ ይታያል፣ መብራቱ ይታያል። ቱርቦ አልባ ሆኖ የተመዘገበ ሞተር ላይ ቱርቦ ተገጥሞ ቢመጣስ ማን መዘገበው? ይህ የባለንብረቱ የግል ጉዳይ ብቻ አይደለም። አባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ መኪናን በማርሽ የሚይዘው ሞተሩ ነው። ሰው የጫነ ቅጥቅጥ መታጠፊያ ላይ ሞተሩ ቢሰበርበት ሸክሙ ሁሉ በጋለ ፍሬን ላይ ይወድቃል።

እስከዚያው ድረስ ቢያንስ አንድ ነገር ያለ መመሪያ ሊደረግ ይችላል። ሞተር የሚያወርድ ጋራዥ በደረሰኙ ላይ «ፒስተን 4» ብሎ ከማለፍ የፒስተኑን ፓርት ቁጥር፣ ለቱርቦ መሆን አለመሆኑንና ሬሾውን ይጻፍ፤ ባለንብረቱም ይፈርምበት። ሞተሩ በስድስተኛው ወር ደጀን ዳገት ላይ ሲቆም ከሹፌሩ ደሞዝ ላይ ከመቁረጥ በፊት ያ ወረቀት ይውጣ።