አዲስ ፕሮሰሰር ከመግዛታችን በፊት የድምፅ ካርዳችንን እንይ

በኮምፒዩተር ሙዚቃ መቅረጽና ማቀናበር ለታላላቅ ስቱዲዮዎች ብቻ የተተወ ሥራ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ማይክሮፎንና በአንድ ኮምፒዩተር የክራርም ሆነ የማሲንቆ ድምፅ በጥሩ ጥራት መቅዳት ይቻላል። ይሁን እንጂ ድምፁ መቆራረጥ ሲጀምር ብዙዎች ወዲያውኑ የሚደርሱበት ውሳኔ ማዘርቦርዱንና ፕሮሰሰሩን መለወጥ ነው። እኛ ግን የዚህ ውሳኔ ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው እንላለን። በቅድሚያ ሊታይ የሚገባው የድምፅ ካርዱ ነው።

የሥራ ክፍፍሉን እንመልከት። ከማይክሮፎን የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ሞገድ ወደ ቁጥር የሚለውጠው የድምፅ ካርዱ ነው። ፕሮሰሰሩ የሚሠራው ከዚያ በኋላ በቁጥሮቹ ላይ ነው፤ ድምፆችን ይደምራል፣ ያጣራል፣ ማስተጋባት ይጨምርባቸዋል። በመሆኑም ፈጣን ፕሮሰሰር በአንድ ጊዜ የምናስኬዳቸውን ድምፆችና ማጣሪያዎች ብዛት ያሳድጋል እንጂ ከማይክሮፎኑ የገባውን ድምፅ ጥራት አያሻሽልም።

የመቆራረጡም ምክንያት ሁልጊዜ የፕሮሰሰሩ ድካም አይደለም። ኮምፒዩተር ድምፅን የሚቀበለው እየከፋፈለ ነው። በሰከንድ 44,100 ናሙናዎች በሚወሰዱበት ቀረጻ አንዱ ክፍል 256 ናሙናዎች ቢይዝ ርዝመቱ 5.8 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይሆናል። ስሌቱ በዚህ ጊዜ ውስጥ ካላለቀ ድምፁ ይቆራረጣል። ክፍሉን ወደ 2,048 ናሙናዎች ብናሳድገው ፕሮሰሰሩ 46 ሚሊ ሰከንድ ያህል ፋታ ያገኛል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ የመጀመሪያው መዘግየት ከድምፅ ማጉያ 2 ሜትር፣ ሁለተኛው ደግሞ 16 ሜትር ያህል ርቆ እንደ መቆም ነው። በሁለተኛው መዘግየት ራሱን እየሰማ የሚዘፍን ሰው ምቱን ለመጠበቅ ይቸገራል፤ ቀረጻው ካለቀ በኋላ ድምፆችን በማዋሐድ ላይ ያለ ሰው ግን ጉዳት የለውም። እንግዲህ በቀረጻ ጊዜ ክፍሉን ማሳነስ፣ በማዋሐድ ጊዜ ማሳደግ አንድ ሳንቲም የማያስወጣ ማሻሻያ ነው።

ይህም አልበቃ ብሎ ለውጡ የግድ ቢሆን፣ ወጪው በሁለት ዕቃዎች አያበቃም። ለምሳሌ ኤ.ኤም.ዲ. እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ኤ.ኤም.5 የተባለው የፕሮሰሰር መሰኪያ የሚቀበለው ዲ.ዲ.አር.5 ሚሞሪን ብቻ ስለሆነ የቀድሞው ሚሞሪ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ከዚያም ተራው የካርዱ ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1992 ያስተዋወቀው ፒ.ሲ.አይ. መሰኪያ በብዙዎቹ የዛሬ ማዘርቦርዶች ላይ አይገኝም፤ ቦታውን የያዘው ፒ.ሲ.አይ. ኤክስፕረስ ቅርጹም አሠራሩም የተለየ ነው። ይህን ሳያረጋግጥ የገዛ ሰው በእጁ የሚቀረው ፈጣን ግን ድምፅ መቅዳት የማይችል ኮምፒዩተር ነው።

አንዳንዶች «ፒ.ሲ.አይ. ዘገምተኛ ስለሆነ መጣሉ አይቀርም» ይላሉ። ስሌቱ ይህን አይደግፍም። ዴልታ 1010 የተባለው የኤም-ኦዲዮ ካርድ 10 መግቢያና 10 መውጫ አለው። ሁሉም በሰከንድ 96,000 ናሙናዎች ቢሠሩና እያንዳንዱ ናሙና 4 ባይት ቢይዝ፣ ጠቅላላው በሰከንድ 7.7 ሚሊዮን ባይት ያህል ነው። መደበኛው ፒ.ሲ.አይ. እስከ 133 ሚሊዮን ባይት ስለሚያስተላልፍ ካርዱ የሚጠቀመው ከመንገዱ 6 በመቶ እንኳ የማይሞላውን ነው።

በሌላ በኩል አሮጌ ካርድ ለዘላለም ይያዝ ማለታችን አይደለም። ድራይቨሩ ለ32 ቢት ዊንዶውስ ብቻ የተጻፈ ካርድ በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይሠራም። ሊኑክስ ግን እንደ ዴልታ 1010 ላሉ ካርዶች የሚሆን ድራይቨር ከራሱ ጋር ይዞ ይመጣል። ስለዚህ አንድን ካርድ «ሞቷል» ከማለት በፊት በሊኑክስ መሞከር ተገቢ ነው። በእርግጥ አዲስ ካርድ መግዛት ካስፈለገ በዩ.ኤስ.ቢ. የሚሰካውን መምረጥ ይሻላል፤ ማዘርቦርድ በተለወጠ ቁጥር አብሮ አይጣልምና።

ስለሆነም ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። በመጀመሪያ የካርዱን መሰኪያና ድራይቨር ማጣራት፤ ቀጥሎ የክፍሉን መጠን እየለዋወጡ መሞከር፤ በመጨረሻም ፕሮሰሰሩ በእርግጥ እንዳነሰ ሲረጋገጥ ብቻ መግዛት። ያኔም ቢሆን አሮጌውን ኮምፒዩተር ከነካርዱ ለቀረጻ ብቻ ማቆየትና አዲሱን ለማዋሐድ ማዋል ይቻላል። ጥቂት ገንዘብ አጠራቅሞ ሙዚቃ ለሚሠራ ወጣት፣ በዚህ መንገድ የሚተርፈው ብር አንድ ጥሩ ማይክሮፎን ሊገዛ ይችላል፤ የማይክሮፎኑ ለውጥ ደግሞ በጆሮ የሚሰማ ነው።