የደረት ካሜራና የፖሊስ ዱላ

ባለፈው ሰሞን በማደሪያችን የተነሣ ክርክር እስከ እኩለ ሌሊት አቈየን። መነሻው አንድ ጓደኛችን በስልኩ ያሳየን የአሜሪካ ፖሊስ ፊልም ነበር። አንድ ሰው መሬት ላይ ተደፍቶ ይደበደባል፤ ፊልሙን ያነሣው ደግሞ በራሱ በደብዳቢው ፖሊስ ደረት ላይ የተሰካው ካሜራ ነው። ከመካከላችን የሚበዙት፣ «ካሜራው ባይኖር ይህን ግፍ ማን ያውቅ ነበር? ለፖሊስ ሁሉ ካሜራ ይሰካለት፤ የሚያየው እንዳለ ያወቀ ሰው እጁን ይሰበስባል» አሉ። እኛ ጥቂቶቹ፣ «ይኸኛውስ ካሜራውን ለብሶ ሳለ መቼ እጁን ሰበሰበ?» ብለን ብንጠይቅ ሣቅ ሆነ፤ በድምፅ ብልጫም ተሸነፍን። ተሸንፈን ተኛን እንጂ አልተረታንም። ከዚያ ወዲህ በጕዳዩ የተጻፈውን እየፈለግን ስላነበብን ያገኘነውን ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

አስቀድመን የተከራካሪዎቻችንን ትልቁን ምስክር እንጥራላቸው። በካሊፎርንያ ሪያልቶ የምትባል መለስተኛ ከተማ አለች። የከተማይቱ የፖሊስ አዛዥ ቶኒ ፋራር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ዲግሪ ይማሩ ነበርና፣ ከፌብሩዋሪ 2012 ጀምሮ ለአንድ ዓመት የገዛ ፖሊሶቻቸውን የጥናታቸው መስክ አደረጓቸው። (ከመካከላችን ለመመረቂያ ጽሑፉ እንዲህ ያለ ድፍረት የሚኖረው ስንቱ ነው?) ፖሊሶቹ 54 ነበሩ፤ በየፈረቃው ካሜራ የሚለበስና የማይለበስ መሆኑ በዕጣ ይለያል። ዓመቱ ሲያልቅ ፖሊስ ኀይል የተጠቀመባቸው አጋጣሚዎች ሲቈጠሩ 25 ሆኑ፤ ካሜራ በተለበሰባቸው ፈረቃዎች 8፣ ባልተለበሰባቸው 17። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ግን 61 ነበሩ። ሕዝቡ በፖሊሶች ላይ ያቀረበው አቤቱታም ከ24 ወደ 3 ወረደ። ቍጥሩ ትንሽ ነው ቢባልም የሚናቅ አይደለም።

ይህ ወሬ ዓለምን ዞረ። በኦገስት 2014 በፈርገሰን ከተማ ማይክል ብራውን የተባለው መሣሪያ ያልያዘ ጥቁር ወጣት በፖሊስ ጥይት ሲገደል ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። የሟቹ ቤተ ሰብ የጠየቀው፣ በአገሪቱ በሥራ ላይ ያለ ፖሊስ ሁሉ ካሜራ እንዲለብስ ነበር። ፕሬዚዳንት ኦባማም በዚያው ዓመት መጨረሻ 50,000 ካሜራ ለመግዛት የሚረዳ የ75 ሚሊዮን ዶላር ዕቅድ አቀረቡ። ልጁን የቀበረ ቤተ ሰብ ከሐዘኑ መካከል የጠየቀውን ነገር አቃልለን ልንናገር አንደፍርም። የምንጠይቀው፣ የለመነውን በእርግጥ አግኝቷል ወይ? ብለን ነው።

አሁን ወደ ዋሺንግተን እንሂድ፤ ከመካከላችን ብዙዎች አጎት ወይም አክስት ወዳሉበት፣ አማርኛ በየመንገዱ ወደሚሰማበት ከተማ። በዚያ 2,224 ፖሊሶች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ለአንደኛው ወገን ካሜራ ተሰጠው፤ ለሁለተኛው ቈይቶ እንዲሰጠው ተደረገ። ከሪያልቶ ጋር ሲነጻጸር ይህ የዝሆንና የአይጥ ያህል ነው። በኦክቶበር 2017 ውጤቱ ሲገለጥ ባለ ካሜራዎቹና ካሜራ የሌላቸው ፖሊሶች ኀይል በመጠቀምም ሆነ አቤቱታ በማስነሣት ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘባቸውም። ፖሊሶቹ አብረው ስለሚሠሩ የአንዱ ካሜራ ሌላውንም ሳይገታው አልቀረም የሚል መከራከሪያ ይነሣ ይሆናል፤ ይነሣ። ነገር ግን ካሜራው በባሕርዩ ዱላን የሚያስጥል መድኀኒት ቢሆን ኖሮ፣ ከሁለት ሺሕ በላይ ሰዎች መካከል ጥቂት ምልክት እንኳ ሊታይ በተገባ ነበር።

ታዲያ ሪያልቶና ዋሺንግተን እንዴት ይታረቃሉ? የሪያልቶን ጥናት ከፋራር ጋር የሠሩት ባራክ አሪየል ከባልንጀሮቻቸው ጋር በልዩ ልዩ ቦታ የተደረጉ 10 ሙከራዎችን ሰብስበው በ2016 ያወጡት ጽሑፍ፣ ለእኛ ክርክር ቍልፉ እርሱ ነው። ሙከራዎቹ በአንድ ላይ ሲደመሩ ካሜራው በኀይል አጠቃቀም ላይ ለውጥ አላመጣም። ለያይተው ሲያዩት ግን ነገሩ ተገለበጠ። ፖሊሶቹ በትእዛዙ መሠረት ሰው ባገኙ ቍጥር ካሜራውን ባበሩበት ቦታ የኀይል ሥራው ካሜራ ካልለበሱት በ37 በመቶ አነሰ። ማብራትና ማጥፋቱ ለፖሊሱ ፈቃድ በተተወበት ቦታ ግን በ71 በመቶ በለጠ። አንባቢ ሆይ፣ በለጠ ነው የምንልህ! ያው አንድ ካሜራ፣ ያው ደረት፤ ልዩነቱ የማብሪያውን ጣት የሚያዝዘው ማን ነው በሚለው ላይ ነው።

የማብሪያው ነገር ከተነሣ በ2017 በባልቲሞር የሆነውን ሳንናገር አናልፍም። ድብደባ ባይኖርበትም ካሜራን በሚገባ ያስረዳል። እነዚህ ካሜራዎች ፖሊሱ ከመጫኑ በፊትም ያያሉ፤ ሲጫን ከዚያ አስቀድሞ የነበረውን 30 ሴኮንድ ያለ ድምፅ ከፊልሙ ጋር ያያይዙታል። አንድ ፖሊስ ይህን ሳያስብ ቀረ። ፊልሙ ሲታይ፣ ፖሊሱ ድምፅ በሌለው ክፍል በአንድ ጓሮ ከቈሻሻ መካከል የአደንዛዥ ዕፅ ከረጢት ያስቀምጣል፤ ወደ መንገዱ ይወጣል፤ ካሜራውን ይጫናል፤ ተመልሶ ገብቶ ይፈልግና ያንኑ ከረጢት «ያገኛል»። በዚህ ምክንያት የተያዘው ሰው የዋስ ገንዘብ ማስያዝ አቅቶት ለወራት እስር ቤት ተቀምጧል። ጕዱን ያወጡት የድሆች ተከላካይ ጠበቆች ናቸው፤ ፖሊሱም በሚከተለው ዓመት ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋተኛ ተባለ። ጓደኞቻችን ይህን «የካሜራ ድል» ይሉት ይሆናል። እኛ ግን እውነቱን ያተረፈው ፖሊሱ የማያዝዝበት ያ 30 ሴኮንድ መሆኑን እናያለን፤ ካሜራው በእርሱ ፈቃድ ከበራ ወዲህ የቀረጸው ሁሉ ሐሰት ነበር።

በሚኒያፖሊስስ በሜይ 2020 ጆርጅ ፍሎይድ ከዘጠኝ ደቂቃ በላይ በጕልበት ታንቆ ሲሞት ፖሊሶቹ ካሜራ ለብሰው ነበር። የአንደኛው፣ የዋነኛው፣ በግብግቡ ከደረቱ ወድቆ ነበር፤ የሌሎቹ ግን ይሠሩ ነበር። ይሁን እንጂ ፖሊስ ያን ዕለት ያወጣው የመጀመሪያ መግለጫ ሰውዬው በሕመም ምክንያት እንደ ሞተ የሚያስመስል ነበር። መግለጫውን ያፈረሰው በአጠገቡ ስታልፍ ቆማ በስልኳ የቀረጸች የ17 ዓመት ልጃገረድ ፊልም ነው። የደረት ካሜራዎቹ ፊልም ለሕዝብ የደረሰው ከሁለት ወር በላይ ቈይቶ ሲሆን፣ ኋላም በችሎት ትልቅ ጥቅም ሰጥቷል፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ያቺ ልጅ በዚያ መንገድ ባታልፍ ኖሮ ያ ችሎት ይቀመጥ ነበር ወይ?

በጃንዋሪ 2023 በሜምፊስ ታየር ኒኮልስ የተባለው ወጣት ተደብድቦ ሲሞትም ደብዳቢዎቹ ካሜራ ነበራቸው። ፖሊስና ሰው ሲተናነቁ የደረት ካሜራ የሚያሳየው ጨርቅና ጨለማ ብቻ ሆነ። በደንብ ያሳየው በመንገድ ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ካሜራ ነው። በደረት ካሜራዎቹ የሚሰማው «እጅህን ስጥ! እጅህን ስጥ!» የሚል ጩኸት ነው፤ በምሰሶው ፊልም ግን እጆቹን ሌሎቹ ይዘውበታል። ጩኸቱ ለተደብዳቢው ይነገር ወይስ ለካሜራው፣ እኛ በበኩላችን ጥርጣሬያችን ወደ ሁለተኛው ያደላል።

አባቶቻችን በችሎት ሲሟገቱ ምስክሩ ማን ነው ብቻ ሳይሆን የማን ሰው ነው ብለውም ይጠይቁ ነበር። ውሻ በበላበት ይጮኻል። ካሜራውን የሚገዛው ፖሊስ፣ የሚያበራው ፖሊስ፣ ፊልሙን በመዝገብ ቤቱ የሚያስቀምጠው ፖሊስ ከሆነ ምስክሩ በተከሳሹ ቤት ያደረ ምስክር ነው። በኖርዝ ካሮላይና በ2016 የወጣው ሕግ እንዲህ ያለው ፊልም ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ለሕዝብ እንዳይለቀቅ ደንግጓል። ሁሉም ፊልም ለሁሉም ሰው ይታይ አንልም፤ ካሜራው በባልዋ የተደበደበችን ሴት መኝታ ቤትና የታመመን ሰው ቤት ጭምር ይገባልና። ነገር ግን ፊልሙን ከፖሊስ ውጭ የሆነ ክፍል ይያዘው፤ ተመታሁ የሚለው ሰውና ጠበቃው ሳይለምኑ ይዩት፤ ካሜራው ሳይበራ የቀረበትን ድብደባ ዳኛው በፖሊሱ ላይ ይቍጠርበት። ይህ ሳይኖር ካሜራ መግዛት ገንዘቡን ለነጋዴው ማስረከብ ነው።

ይህም ቢሆን በቂ መሆኑን አንምልም። በኤፕሪል 2015 በእስራኤል በሆሎን ከተማ፣ የወታደር ልብስ የለበሰ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወጣት በፖሊሶች ተደብድቦ፣ ፖሊስን መታህ ተብሎ እርሱው ታሰረ። ያስፈታው ፖሊስ ያልያዘው የጥበቃ ካሜራ ፊልም ነው። ፊልሙን ያየው ወገናችን በኢየሩሳሌምና በቴል አቪቭ መንገዱን ሞላው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ወጣቱን አስጠርተው አነጋገሩት። በሁለት ወር ውስጥ ግን ዐቃቤ ሕጉ በፖሊሱ ላይ የተከፈተውን የወንጀል መዝገብ ዘጋው። ፊልሙ ጥርት ያለ ነበር፤ አገር ሁሉ አይቶታል።

ያን ምሽት በድምፅ ብልጫ የረቱን ጓደኞቻችን ለዚህ መልስ እንዳላቸው እናውቃለን፤ አንደኛው እንዲያውም ገና በረቂቁ አይቶት መጻፍ ጀምሯል። ከሁለት ገጽ ካልበለጠ በሚቀጥለው እትም ይወጣል።