ከማጥፋት መጠየቅ ይቀድማል

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ያሉትን ምክር ሁላችንም በቃል እናውቀዋለን። ነገር ግን ከኮምፒዩተር ፊት በተቀመጥን ጊዜ እንረሳዋለን። ይህንንም የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ ሳይሆን በራሴ የደረሰውን ለመግለጽ ነው።

በዚህ ዓመት ከሦስት ጓደኞቼ ጋር በቤተ መጻሕፍታችን ያሉትን መጻሕፍት ማይኤስኪውኤል በሚባለው የመረጃ ቋት ስንመዘግብ ቆየን። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በላፍቶ መብራት ጠፋ። በተመለሰም ጊዜ ኮምፒዩተሩን ከፍተን ሥራችንን ብንጀምር፥ ፕሮግራማችን የግንኙነት ጥያቄው እንቢ መባሉን የሚገልጽ የእንግሊዝኛ መልእክት አወጣ። እኔም በሚገባ ሳላነብ፥ ተበላሽቷል ብዬ የመረጃ ቋቱን ከነፎልደሩ አጥፍቼ እንደገና ጫንሁት። የሦስት ሳምንት ድካማችንም አብሮ ጠፋ። ይባስ ብሎም አዲሱ ያንኑ መልእክት ደገመልኝ። መምህራችን መጥተው «ልጄ፥ ለመሆኑ አስነሥተኸዋልን?» ሲሉ ጠየቁኝ። አላስነሣሁትም ነበር፤ ኮምፒዩተሩ ሲከፈት የመረጃ ቋቱም አብሮ የሚነሣ መስሎኝ ነበርና።

እንግዲህ የእኔ አስተያየት እንቢታም ራሱ መልስ ስለ ሆነ ሊነበብ ይገባዋል የሚል ነው። 127.0.0.1 የተባለው አድራሻ ኮምፒዩተሩ ራሱ ስለ ሆነ በኢንተርኔት መቋረጥ ማመካኘት አይቻልም። ደጁ ተንኳኩቶ የሚከፍት አልተገኘም ማለት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ የመረጃ ቋቱ መነሣቱን መመልከት፤ ቀጥሎ ፕሮግራማችን የሚያንኳኳውን የፖርት ቍጥር ማመሳከር ያስፈልጋል። እንደ ተለመደው ማይኤስኪውኤል በ3306፥ ፖስትግሬስኪውኤል ደግሞ በ5432 ይጠብቃሉ። ተነሥቶ ወዲያው የሚወድቅ ከሆነ የስሕተት መዝገቡን ማንበብ ነው፤ ምናልባት ሌላ ፕሮግራም ቍጥሩን ይዞበት ይሆናል። ስሕተት 1045 ቢመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በረኛው በቦታው አለ፥ ነገር ግን ስማችንን ወይም የይለፍ ቃላችንን አልተቀበለም።

አንዳንድ ጓደኞቼ «አጥፍቶ መጫን ጊዜ ይቆጥባል» ይላሉ። ፕሮግራሙ ራሱ ተበላሽቶ ከሆነ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ይህ መደረግ ያለበት ምክንያቱ ከታወቀና የመረጃው ቅጂ በሌላ ቦታ ከተቀመጠ በኋላ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ ግን ያፈሰስነውን ለመልቀም እንኳ አልቻልንም።

መምህራኖቻችንን በትሕትና የምለምነው፥ ለተፈጸመው ሥራ ብቻ ሳይሆን የስሕተቱን ምክንያት ፈልጎ ላገኘ ተማሪም ማርክ እንዲሰጡ ነው። ክቡራን ወላጆችም ልጃችሁ አንዲት መልእክት ይዞ ሲመራመር ብታዩት፥ ሥራ ፈታ ብላችሁ አትገሥጹት።

እኛም መጻሕፍቱን ከ1ኛው መደርደሪያ ጀምረን እንደገና እየመዘገብን ነው፤ ቅጂውንም በየዓርቡ እናስቀምጣለን።