«ልጄ ዛሬ እንደ ወትሮው አይደለም» ያለች እናት ሌላ ማስረጃ አትጠየቅ



በውስጥ መስመር ደጋግሞ ከሚደርሰኝ ጥያቄ አንዱ ይህ ነው፦ «ዶክተር፣ ስምንተኛ ወሬ ነው። ከትናንት ጀምሮ የልጄ እንቅስቃሴ ቀንሶብኛል። እስከ ቀጠሮዬ ብጠብቅ ችግር አለው?»

መልሴ አጭር ነው፤ አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ሂጂ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ግን ለእናቲቱ ብቻ አይደለም። ለባሏ፣ ለአማቷ፣ ለጎረቤቷ፣ ለእኛም ለጤና ባለሙያዎች ጭምር ነው። የጽንሱን እንቅስቃሴ መቀነስ ከማንም በፊት የምታውቀው እናቲቱ ናት። በእኔ እምነት ትልቁ ችግር ቃሏ ብቻውን አለመታመኑ ነው።

እስቲ አስቡት። በሸዋ ሮቢት፣ በጀውሃ፣ በሰንበቴ ወይም በአጣዬ ዙሪያ ያለች ነፍሰ ጡር ደም ቢፈስሳት ቤተሰቡ ተሯሩጦ ባጃጅ ይፈልጋል። ምጥ ቢይዛት ጎረቤት ይሰበሰባል። «ልጁ ዝም አለብኝ» ስትል ግን የሚታይ ደም የለም፣ የሚሰማ ጩኸትም የለም። ስለዚህ ምክር ይበዛባታል። «ሙቀቱ ነው»፣ «ተኝቶ ይሆናል»፣ «ወር ሲገባ ልጅ ይረጋጋል»፣ «ሲነጋ እናያለን»። ሁሉም የሚናገረው በቅንነት ነው። ነገር ግን አንዳንድ ጽንስ እስኪነጋ የሚቆይበት ጊዜ የለውም።

ትክክለኛው ነገር ምንድን ነው?

አብዛኛዋ እናት የልጇን እንቅስቃሴ መለየት የምትጀምረው ከ16 እስከ 24 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ቀደም ብላ የወለደች ቶሎ ትለየዋለች፤ የመጀመሪያዋ ከሆነ ትንሽ ይዘገያል። እንግዴ ልጁ በማኅፀን የፊት ለፊት ግድግዳ ላይ ከተቀመጠም ስሜቱ ሊደክም ይችላል። ከ28 ሳምንት፣ ማለትም ከሰባተኛው ወር ጀምሮ ግን ልጁ የራሱ ልማድ ይኖረዋል። አንዱ ማታ ማታ ይበረታል፣ ሌላው ምግብ ከተበላ በኋላ። እንቅልፉ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ነው፤ ከ90 ደቂቃ አልፎ የሚቆየው አልፎ አልፎ ብቻ ነው።

«ወር ሲገባ ይረጋጋል» የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። ቦታው ስለሚጠበው የእንቅስቃሴው ዓይነት ሊለወጥ ይችላል፤ እርግጫው ቀንሶ መገላበጡ ሊበዛ ይችላል። የእንቅስቃሴው መጠን ግን እስከ ምጥ ድረስ፣ በምጥ ጊዜም ቢሆን መቀነስ የለበትም።

ታዲያ ለምን ይቀንሳል? በእንግዴ ልጁ በኩል የሚደርሰው ኦክስጅንና ምግብ ሲያንስ ጽንሱ አቅሙን ይቆጥባል፤ ያለውን ለልብና ለአንጎል ያደርጋል። ለዚህ የሚያበቁት የደም ግፊት፣ የስኳር ሕመም፣ ደም ማነስ፣ ኢንፌክሽን፣ የሽርት ውሃ ማነስና የእንግዴ ልጅ ችግር ናቸው። እዚህ ይፋት ቆላ ደግሞ ወባ አለብን። የወባ ተውሳክ በእንግዴ ልጁ ውስጥ ተሸሽጎ እናትየዋን ደም ሲያሳጣ፣ ልጁን ደግሞ ያከሳል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው የወባ ወቅት ትኩሳት ያላት ነፍሰ ጡር «ጉንፋን ነው» ብላ አትተኛ። አጎበሩ የእሷ ነው፤ ለእህል መሸፈኛ አይሁን። በሐሩር ሽንኩርት ስትነቅል ወይም ማሾ ስታጭድ ለምትውል እናትም ውሃና ጥላ ቅንጦት አይደለም። ጾምን በተመለከተ፣ በእስልምና ለራሷ ወይም ለልጇ የምትሰጋ ነፍሰ ጡር ጾሟን እንድታፈጥር ፈቃድ አላት፤ ክርስቲያኗም የንስሐ አባቷን ታማክር።

እንቅስቃሴው የቀነሰ ሲመስልሽ ምን ታደርጊያለሽ?

1. ከ28 ሳምንት በኋላ ጭራሽ ካልተንቀሳቀሰ ምንም ሳትጠብቂ ወደ ጤና ተቋም ሂጂ።

2. እርግጠኛ ካልሆንሽ ሥራሽን አቁመሽ በግራ ጎንሽ ተኝተሽ ሙሉ ሐሳብሽን ሆድሽ ላይ አድርጊ። በሁለት ሰዓት ውስጥ 10 እንቅስቃሴ ካልሞላ ወዲያው ተነሺ። መንገድሽ ሩቅ ከሆነ ግን ለመቁጠር ብለሽ አትዘግዪ።

3. ሆድሽን አታሳሺ። ማሸት ጽንስን አይቀሰቅስም፤ እንግዴ ልጁን ሊጎዳ ይችላል።

4. «ባለፈው ሳምንት አልትራሳውንድ ደህና ነው ብሎኛል» ብለሽ አትጽናኚ። አልትራሳውንድ የሚናገረው ስለተነሣበት ቀን ነው። የስልክ አፕም የልብ ምት ማዳመጫ አይሆንም።

5. ታይተሽ «ደህና ነው» ተብለሽ ተመልሰሽ እንደገና ከቀነሰ፣ እንደገና ሂጂ። «ትናንት አስቸግሬያቸዋለሁ» አትበዪ። ሁለተኛው ጊዜ ከመጀመሪያው የበለጠ ትኩረት ይፈልጋል።

በየቀኑ ወረቀት ይዘሽ ቁጠሪ አላልኩሽም። የዓለም ጤና ድርጅትም ለሁሉም እናት ይህን አይመክርም። የምልሽ የልጅሽን ልማድ እወቂው፤ ሲለወጥ ተናገሪ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ ባልደረቦቼ የሚያነሡትን ተገቢ ጥያቄ ላንሣ። በብሪታንያና በአየርላንድ ከ409 ሺህ በላይ እርግዝናዎችን ያካተተና በ2018 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣ ጥናት ነበር። እናቶችን ስለ ጽንስ እንቅስቃሴ ማስተማርና የመጡትን በአንድ ወጥ መመሪያ መከታተል ሞቶ የሚወለደውን ልጅ ቁጥር በጉልህ እንዳልቀነሰ፣ በመድኃኒት የሚጀመር ምጥንና ቀዶ ጥገናን ግን እንደጨመረ አሳይቷል። «ታዲያ እናቶችን ለምን እናስጨንቃለን?» ይላሉ።

ጥናቱን አከብራለሁ፤ ነገር ግን እዚያ ጥናቱ ያልደረሳት እናትም በየጊዜው የምትታይ፣ ደም ግፊቷ የሚለካ፣ ሆስፒታሏ ቅርብ የሆነ እናት ናት። በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ዳሰሳ በኢትዮጵያ አራትና ከዚያ በላይ የእርግዝና ክትትል ያደረጉት 43 በመቶ፣ በጤና ተቋም የወለዱት 48 በመቶ እናቶች ብቻ ነበሩ። እንቅስቃሴ ቀነሰብኝ ብላ የምትመጣ እናት እኛ ጋ የደም ግፊቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለካባት ልትሆን ትችላለች። ወባዋም፣ ደም ማነሷም የሚገኘው ያን ቀን ሊሆን ይችላል። ልጁ ደህና ቢሆን እንኳ መምጣቷ ከንቱ አልቀረም። ደግሞም እንቅስቃሴ የቀነሰባት ሁሉ ትወልድ ማለት አይደለም። አንድ ጊዜ ብቻ ከቀነሰባቸው እናቶች 70 በመቶ ያህሉ እርግዝናቸውን ያለ ችግር ይጨርሳሉ። ቀሪዎቹን መለየት የሚቻለው ግን ሲታዩ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለእኛ ለባለሙያዎች አንድ ቃል። ሌሊት መጥታ «ልጄ ዝም አለብኝ» ያለችን እናት «ቀጠሮሽ መቼ ነው?» ብለን አንቀበላት። የልብ ምቱን እናዳምጥ፤ ለዚህ ፌቶስኮፕና የሚሰማ ጆሮ ይበቃል። ልኩ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ነው። ደም ግፊቷን፣ ሽንቷን፣ ደሟን፣ ወባዋን እንይ፤ የሆዷን እድገት እንለካ። ከአቅማችን በላይ ከሆነ ሳንዘገይ እንላክ። ደህና ሆኖ ስናገኘው ደግሞ «በከንቱ ነው የመጣሽው» አንበል። «ጎበዝ፣ እንዲህ ሲሆን ሁሌም ነይ» እንበላት። አንድ ጊዜ የተመናጨቀች እናት ሁለተኛ ጊዜ አትመጣም፤ ለጎረቤቷም «አትሂጂ» ትላለች።

ለባሎችና ለአማቶች ደግሞ፦ የመንገዳችንን ነገር ታውቁታላችሁ። ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን የሚላክ ሰው የጣርማ በርን ዳገት መውጣት አለበት። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ፣ ከዚያም ወዲህ መንገድ በተዘጋባቸው ቀናት፣ ነፍሰ ጡር ይዞ መንገድ ማጣት ምን እንደሆነ አይተናል። ስለዚህ ዝግጅቱ አስቀድሞ ይሁን። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋና የባጃጅ ሹፌሩ ስልክ ይያዝ፤ የመሳፈሪያ ብር ይቀመጥ። ቤታችሁ ከመኪና መንገድ የራቀ ከሆነ ወሯ ሲቃረብ በጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ እንድትቆይ አድርጉ። ዱዓውም ጸሎቱም ይደረግ፤ መንገድ ላይ ሆኖም ይደረጋል።

በዓለም ላይ በየዓመቱ 2 ሚሊዮን ገደማ ልጆች ሞተው ይወለዳሉ። እኛ ዘንድ እንዲህ ላለ ልጅ በብዙ ቤት ለቅሶ አይቀመጡለትም፤ እናትየዋም «ሌላ ትወልጃለሽ» ተብላ ዝም ትባላለች። ይህ የደረሰብሽ እህቴ፣ ጥፋተኛ አይደለሽም። ዘግይተሽ ቢሆንም፣ ሳታውቂ ቢሆንም፣ ልጅሽን የጎዳሽው አንቺ አይደለሽም። አንዳንዱ ሞት በጊዜ ሄደንም አይቀርም። በቀጣዩ እርግዝናሽ ግን የደረሰብሽን ለሐኪምሽ ንገሪ፤ ክትትልሽ ከሌላው ይለያል።

የእናት ቃል የላብራቶሪ ውጤት ያህል ክብደት ይሰጠው። ቤተሰብም ሐኪምም «እንደ ወትሮው አይደለም» የሚለውን ሲሰሙ ከምክር በፊት ይነሡ።

ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ሁሉ እንዲደርስ ሼር አድርጉልኝ። ወራችሁ ለገባ እናቶች፣ በሽልም ያውጣችሁ!